ዲዳው ጂን

ዶክተር ሹ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ "እስኪ በሩን ዝጊው" አሏት።

ሊያው ዌንቺዩ ተነሥታ ዘጋችው። የአሥራ አንድ ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። ይህን እርግዝና ስድስት ዓመት ጠብቃ፣ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት፣ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ያገኘችው ስለሆነ፣ ከወንበሯ እስከ በሩ ባለችው ሦስት እርምጃ ውስጥ በልቧ ልጁን ቀብራ ጨረሰች።

"ልጁ ደህና ነው፤ ልቡም ይመታል" አሉ ዶክተሯ ፊቷን አይተው። "የደምሽ ውጤት ነው። ቂጥኝ አለብሽ።"

ዌንቺዩ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣባት ለራሷም አልገባትም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እኮ የምሠራው የቂጥኝ ባክቴሪያ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወይ አንዱ ቀልዶብኛል፣ ወይ የእኛን ናሙና ከእኔ ደም ጋር አምታተውታል።"

"እዚህ የሚቀልድ ሰው የለም። በሁለት ዓይነት ምርመራ ነው ያየነው። እርግዝና የመጀመሪያውን ሊያሳስተው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን አያሳስተውም። ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ለተማሪዎች የምታስተምረው እሷው ናት። ሳቋ አፏ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ደሙን እንደገና እንቅዳው" አሉ ዶክተር ሹ ለስለስ ብለው። "ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ግን፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ መርፌውን ትወጊያለሽ። ባልሽም ይምጣ። ገና ነው፤ ልጁን እናድነዋለን። የምትከራከሪኝ ነገር አለ?"

"የለም" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ስልኳን አነሳች። ባሏ ኩዋንግ ቦሊን የባቡር ድልድዮችን የሚመረምር መሐንዲስ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ የብረቱን ስንጥቅ ይፈልጋል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጉይጆ ተራሮች ውስጥ ነበር። ሲያነሳው የነፋሱ ድምፅ ጆሮዋን ሞላው።

"ቺዩ? ምነው፣ ሰላም ነው?"

"ከማን ጋር ነው የተኛኸው?"

"ምን?"

"ከማን ጋር ተኝተህ ነው ያመጣህብኝ አልኩህ! ድልድይ ድልድይ እያልክ የማንን ጋለሞታ ስታሳድድ ነበር? ቂጥኝ አለብሽ ተባልኩ፣ ሰማህ? ቂጥኝ! ልጄ ሆዴ ውስጥ ሳለ! አንተ ቆሻሻ! አንተ የውሻ ልጅ!"

አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተደረደሩት እርጉዝ ሴቶች ሁሉ ጸጥ አሉ። አንዲቱ የያዘችው መንደሪን ግማሹ እንደተላጠ ቀረ። ከስልኩ ማዶ ነፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። ብዙ ቆይቶ ቦሊን፣ "እየመጣሁ ነው" አለና ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። የሥራ ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆበታል። ቤቱ ውስጥ ዌንቺዩና አማቷ እማማ ጉይሁዋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ነበር። በዚያ በሺያንግ ወንዝ ዳር ባለ ከተማ በብርዱ ወራት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርገው፣ ከጠረጴዛው ሥር ማሞቂያ ለኩሰው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ወገባቸው ስበውታል። አማትየዋ ነገሩን ሰምተዋል። ከሰሙ ጀምሮ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ይህ ደግሞ ለእሳቸው ከባድ ነገር ነው።

ቦሊን ከኪሱ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሆስፒታል ነው። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። አንብቢው።"

አነበበችው። ነፃ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስትጮህ ዌንቺዩ እርግጠኛ ነበረች፤ በቁጣዋም ውስጥ የምትቆምበት መሬት ነበራት። አሁን መሬቱ ከእግሯ ሥር ሄደ። አንድ ምርመራ ብቻውን ነገሩን እንደማይቋጭ ታውቃለች፤ ጊዜው ገና ከሆነ ደም ላይ ላይታይ ይችላል። ግን ይህን ማለት ባሏን በድጋሚ መክሰስ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

"አሁን ተራው የእኔ ነው" አለ ቦሊን። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ማን ነው?"

"ማንም የለም።"

"ማንም ከሌለ ከሰማይ ወረደብሽ? ያ ጎንግ ሊያንግ ነው? ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪ አብረሽው የምትውይው? 'እቴ ቺዩ፣ እቴ ቺዩ' እያለ ቤታችን ድረስ እየመጣ ሩዜን የሚበላው?"

"ቦሊን፣ በሞቴ..."

"በሞትሽ አትማይብኝ! ጠዋት የውሻ ልጅ ነበርኩ እኮ። አሁን ማን ነው የውሻ ልጁ?"

እማማ ጉይሁዋ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ኩባያዎቹ ዘለሉ።

"ሁለታችሁም አፋችሁን ዝጉ! የውሻ ልጅ ስትባባሉ እኔ ምን ልሆን ነው፣ ውሻዋ?" ማንም አልሳቀም። ወደ ምራታቸው ዞሩ። "ቺዩዬ፣ ያንን ጣትሽን አምጪው።"

"የቱን ጣት?"

"ያንን በፕላስተር የጠቀለልሽውን። ብርድ ነው የሰነጠቀው ያልሽኝን።"

ዌንቺዩ የግራ እጇን አመልካች ጣት አየች። ፕላስተሩ እዚያው ነበር። በየሁለት ቀኑ ትቀይረዋለች፤ ከአምስት ሳምንት በላይ ሆኖታል። በዚያ ብርድ የከተማው ሰው ግማሹ ጣቱ የተሰነጠቀ ስለሆነ ትኩረት ሰጥታው አታውቅም።

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ገበያ ላይ ዓሣ ስበልት የኖርኩ ሴት ነኝ" አሉ አማትየዋ። "ጣቴን ያልቆረጥኩበት ሳምንት የለም። ብርድ የሰነጠቀው ውኃ ሲነካው ያስለቅሳል። አንቺ ግን በዚያ ጣት ቃሪያ ስትከትፊ አይቻለሁ። ቃሪያው ገብቶበት እንኳ እህ አላልሽም። ያኔውኑ ሆዴን ሸከከኝ፤ አማት ነገር ፈለገች እንዳትይኝ ብዬ ዝም አልኩ። የማያም ቁስል ምን ዓይነት ቁስል ነው?"

ዌንቺዩ ፕላስተሩን ላጠችው።

ቁስሉ ክብ ነው። ንጹሕ ነው። ጠርዙን ስትጫነው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ደረቅ ሆኖ ተሰማት፤ አላመማትም። በየዓመቱ መስከረም ሲገባ የቂጥኝን የመጀመሪያ ቁስል ለአዳዲስ ተማሪዎች ስታስረዳ ሰሌዳ ላይ የምትጽፋቸው ሦስት ቃላት ናቸው፦ ክብ፣ ደረቅ፣ የማያም። እጇን ወደ ብብቷ ሰደደች። እዚያ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ጣቷ ሥር ተንሸራተተች።

"ምንድን ነው?" አለ ቦሊን።

ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋችለት። አሥራ አንድ ዓመት የሌሎችን ሰዎች ቁስል በፎቶግራፍ ስታይ ኖራ፣ የራሷን አምስት ሳምንት በፕላስተር እየሸፈነች ሩዝ በልታበታለች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ነበረች። ሰዓቱን የመረጠችው በምክንያት ነው፤ መርፌው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ፔኒሲሊን ከገባ በኋላ ከቁስሉ ሕይወት ያለው ነገር አይገኝም። ጎንግ ሊያንግ የሩዝ ኑድል በላስቲክ አንጠልጥሎ እየጠበቃት ነበር። አርባ ዓመቱ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ባክቴሪያው የሚራባባቸውን የላቦራቶሪውን ጥንቸሎች በስማቸው የሚጠራ ሰው።

"እቴ ቺዩ፣ በዚህ ብርድ ከአልጋ ያስወጣሽኝ ሎተሪ ቢወጣልሽ ነው መቼም።"

ጣቷን አሳየችው። ጎንግ ጎንበስ ብሎ አየና ኑድሉን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

እሱ ጓንት አጥልቆ የቁስሉን ፊት በቀስታ ፋቀ። ከሚወጣው ውኃ ግማሹን የባክቴሪያው ጂኖች ሲነበቡ የሚያወጧቸው መልእክቶች እንዳይበላሹ በሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ ከተተው፤ አንዲት ጠብታ ደግሞ ስስ መስተዋት ላይ አኑሮ ማይክሮስኮፑ ሥር አገባት። ጀርባው ጨለማ የሆነው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር በጥቁር ሰማይ ላይ እንደ ብር ክር የሚበራበት። ጎንግ ዓይኑን አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ፈቀቅ አለላት።

ዌንቺዩ አየች።

እዚያ ነበሩ። እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠማዘዙ፣ ቀጫጭን፣ በራሳቸው ዙሪያ እየተሽከረከሩ፣ ወገባቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ። ሺህ ጊዜ አይታቸዋለች። እንደ ቆንጆ ነገር ነበር የምታያቸው፤ አንዳንዴ ስታያቸው ታንጎራጉራለች። አሁን ግን የመጡት ከእሷ ሥጋ ነው። ይህ የሚዋኙበት ውኃ የእሷ ነው። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ወንበሩ ላይ መሆኗን ረስታ ወደ ኋላ ስትሸሽ ጎንግ ባይዛት ኖሮ ወድቃ ነበር።

"ከመንገድ ነው?" አለ ጎንግ። "ወይስ ከእኛ ቤት?"

ጥያቄው ባዶ አልነበረም። ላቦራቶሪው የሚያሳድገው ዘር ከመቶ ዓመት በፊት ከአንድ በሽተኛ ተወስዶ፣ ከዚያ ወዲህ ከጥንቸል ወደ ጥንቸል ሲሻገር የኖረ ነው። በአገሩ ሰዎች መካከል የሚዞረው ግን ሌላ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድን የታወቀ መድኃኒት መቋቋም ተምሯል። የጥንቸሎቹ ዘር ያንን መድኃኒት መቋቋም አያውቅም። በሁለቱ ዘሮች የጂን ጽሑፍ መካከል ያለችው የአንዲት ፊደል ልዩነት ናት፤ እሷን መርምሮ ለመለየት ግማሽ ቀን ይበቃል።

"አንተ እየው" አለችው። "እኔ እጄን አላምነውም።"

አራት ሰዓት ላይ ሁለቱም ባልና ሚስት ተወጉ። ዶክተር ሹ፣ የቦሊን ውጤት ነፃ ቢሆንም አብሮ ስለተኛ መወጋት እንዳለበት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላም ደሙ እንደገና እንደሚታይ ነገሩት። ቦሊን አልተከራከረም። ኮሪደሩ ላይ ግን ከሚስቱ ሦስት ወንበር ርቆ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ እንዳስጠነቀቋት ትኩሳት ያዛት፤ ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲያልቁ ሰውነት የሚያነሳው ትኩሳት ነው። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠቅልላ ሳለ ስልኳ ጮኸ። እማማ ጉይሁዋ አንስተው ጆሮዋ ላይ ያዙላት።

"ከእኛ ቤት ነው" አለ ጎንግ። "ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ። የጥንቸሎቹ ነው፣ እቴ ቺዩ። የራሳችን ነው።"

ቦሊን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዌንቺዩ አየችው።

"ከላቦራቶሪው ነው የያዘኝ። ሰው የለም፣ ቦሊን። ሰው አልነበረም።"

ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ቦሊን ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ እስከ ወለሉ ወረደ፣ እጆቹንም ጉልበቱ ላይ ጣለ።

"ስለዚህ አንቺም የለሽበትም።"

"አዎ።"

"እኔም የለሁበትም።"

"አዎ። ይቅር በለኝ። ያን ጊዜ ያልኩህን ሁሉ..."

"ቺዩ፣ ገመድ ላይ ነበርኩ እኮ" አለ። "እጄ ጓንት ውስጥ ነው፤ ስልኩን መያዝ አልችልም። ራስ ቁሬ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ነው የተከፈተው፤ ከቡድኑ መስመር ጋር የተያያዘው። የቡድኑ ሰዎች ሰባቱም ሰሙ። አለቃዬ ሰማ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰማ። ሲጎትቱኝ አንዳቸውም ዓይኔን አላዩኝም። ስወጣ የውኃ ጠርሙሴን ከሌሎቹ ለይተው ለብቻው አስቀምጠውልኝ አገኘሁት።"

ዌንቺዩ ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረችው።

ሁለት ቀን ቆይታ ስትነሳ ፕሮፌሰር ፔንግ አስጠሯት። ፔንግ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ላቦራቶሪውን ከባዶ ክፍል ያቆሙ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የአደጋ መመዝገቢያው ተከፍቶ ነበር።

"ከመስከረም ጀምሮ ገልጬዋለሁ" አሏት። "ያንቺ ስም የለበትም። መቼ ነው?"

ዌንቺዩ ሦስት ሌሊት ስታስበው የከረመችውን ነገረቻቸው። ኅዳር መግቢያ ላይ ነው። ያ ትልቁ ግራጫ ጥንቸል፤ ጎንግ ይዞት፣ እሷ በግራ እጇ ደግፋ በቀኟ ስትወጋው ተራገጠ። መርፌው ጓንቷ ላይ ጫር አድርጎ አለፈ። ጓንቷን አውልቃ አየች፤ ደም የለም። ሌላ ጓንት አጠለቀችና ሥራዋን ጨረሰች።

"ለምን አልጻፍሽውም?"

"ደም አልነበረም። ደግሞም... ይህ ነገር ሲያዩት የሚሞት ነው ብዬ ነው።"

እውነት ነው፤ ያ ባክቴሪያ ከሰውነት ውጭ በጣም ደካማ ነው። ትንሽ ሲበርደው ይሞታል፣ ትንሽ ሲሞቀው ይሞታል፣ አየር ሲበዛበት ይሞታል። በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ለማኖር ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እንደ ሕፃን ያባበሉት ነገር ስለሆነ መፍራቱን ትተውት ነበር።

ዌንቺዩ ጩኸት ጠብቃ ነበር።

"'ሲያዩት የሚሞት ነው'" አሉ ፕሮፌሰሯ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ይህን ቃል ከማን እንደሰማሽው ታውቂያለሽ? ከእኔ ነው። የመጀመሪያ ቀንሽ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ አይዞሽ ብዬ ያልኩሽ ነው።" እስክሪብቶውን አነሱና መዝገቡ ላይ ቀኑንና የሆነውን በራሳቸው እጅ ጻፉ። ከሥሩም ፈረሙ። በዚያው ቀን ለበላይ አካል አሳወቁ፤ ላቦራቶሪው በማግስቱ ታሸገ። ጎንግ ጥንቸሎቹን ለማስረከብ ሲፈርም እንዳለቀሰ በኋላ ሰማች።

አንዲት ነገር ግን ቀርታ ነበር፤ ከጣቷ የተወሰደችው ናሙና። ፈሳሹ ውስጥ የገባው ሁሉ ስለሞተ ማንንም አይጎዳም፤ ጎንግ በሌላ ሕንፃ እንዲያነበው ተፈቀደለት። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን አቅፎ ዌንቺዩ ቤት መጣ። ቦሊን በሩን ከፈተለት። ሁለቱ ወንዶች ለአፍታ ተያዩ።

"ጠርጥሬህ ነበር" አለ ቦሊን።

"እኔን?" ጎንግ ሆዱን አየ፣ ከዚያ ቦሊንን አየ። "ወንድሜ፣ ይህን ክብር በሕይወቴ ማንም አልሰጠኝም።"

ቦሊን ሳይወድ ፈገግ አለና አስገባው።

ጎንግ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ቀልዱ ግን ከፊቱ ጠፋ። "ዲዳው" አለ።

ዲዳው ብለው የሚጠሩት ጂን ነበር። ያ ባክቴሪያ አንድ ሺህ ያህል ጂን አለው። ጂን ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ሲነበብና መልእክት ሲያወጣ ነው ሥራ የሚጀምረው። የትኛው መቼ እንደሚነበብ ማወቅ የዌንቺዩ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነው። ዲዳው ለባክቴሪያው የውጭ ልብስ የሚሰፋ ጂን ነው። ከፊቱ ጉዋኒን የምትባለው ፊደል ተደጋግማ ትደረደራለች፤ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ከሆነች ጂኑ አይነበብም፣ ስምንት ከሆነች ይነበባል። በጠርሙሶቻቸው ውስጥ አሥር ነበረች፤ በጥንቸሎቹም አሥር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙቀቱን ቀየሩ፣ ምግቡን ቀየሩ፣ አየሩን ቀየሩ። ዲዳው ትንፍሽ አላለም።

"ስምንት ነው" አለ ጎንግ። "ጣትሽ ላይ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ስምንት ናቸው። መልእክቱን ቆጠርኩት፤ ከጠርሙሱ መቶ ሃያ እጥፍ ነው። ተሳስቼ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። እየጮኸ ነው፣ እቴ ቺዩ። ዲዳው እየጮኸ ነው።"

ስክሪኑ ላይ ያለችውን ከፍ ያለች መስመር አየች። ይህችን መስመር በሕልሟ አይታታለች። ያየች ቀን ምን እንደምታደርግ፣ ለማን እንደምትደውል፣ ምን እንደምትበላ ሳይቀር አስባ ነበር። አሁን የመጣባት ግን ማቅለሽለሽ ነው። ባክቴሪያው አላሰበበትም፤ ይህን ታውቃለች። ሲባዛ ፊደል ይሳሳታል፤ ከብዙ ሺህ አንዱ ስምንት ይሆናል፤ የእሷ ሰውነት አሥር የሆኑትን ሲያጠፋ እነዚያ ተረፉ፣ በዙም። ግን ይህ ሁሉ የሆነው እሷ የልጅ ስም ስትመርጥ ነው። ጠርሙስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያጣችውን፣ ደሟ በሳምንታት ውስጥ ሠርቶ አስቀምጦት ነበር።

"ምን ማለት ነው?" አለ ቦሊን ከኋላዋ።

"ባክቴሪያው ጥንቸል ውስጥ ሳለ የሚያሳየው ፊትና ሰው ውስጥ ሳለ የሚያሳየው ፊት አንድ አይደለም ማለት ነው" አለች። "ክትባት ለመሥራት ስንፈልግ የነበረው የተሳሳተውን ፊት ነው። ሁላችንም።" ከዚያ ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ እማማ ጉይሁዋ ጀርባዋን ሲያሹላት ድምፃቸው ይሰማ ነበር።

ፕሮፌሰር ፔንግ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በኋላ ስልክ ደውለው፣ "መታተም አለበት። 'አንዲት የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት' ብለን እንጽፋለን፤ ስምሽ አይወጣም" አሏት።

"በዚህ ከተማ በዚያ ሥራ ላይ ያለች የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ማን ናት? ሁሉም ያውቀኛል።" ትንሽ አሰበች። "በስሜ ይውጣ። ጓንቱም፣ ጥንቸሉም፣ ያልጻፍኩትም ይግባበት። አለበለዚያ ናሙናዬን አልሰጥም።"

"የቤትሽን ሰዎች ጠይቀሻል?"

ጠየቀች። ቦሊን ዓሣውን እየቆረሰ፣ "እኔን ሰባት ሰው ሰማኝ። አንቺን ዓለም ይስማሽ" አለ። ቀልድ መስሎ ነበር የወጣው። ሁለቱም ግን ቀልድ እንዳልሆነ አወቁ።

የቻይና አዲስ ዓመት በዓል አልፎ ቦሊን ወደ ሥራ ሲመለስ አብራው ባቡሩ ላይ ወጣች። አልጠየቀችውም፤ ትኬቱን ቆርጣ መጣች። ሆዷ መታየት ጀምሯል። የሠራተኞቹ ሰፈር ገደል አፋፍ ላይ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው፤ ሰባቱ ሰዎች ምሳ ላይ ነበሩ። በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ በነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሲያዩዋት ማንኪያው ሁሉ ቆመ።

"እኔ ያቺ በስልክ የጮህኩት ሴት ነኝ" አለች። የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች። "ባሌ ምንም አላደረገም። በሽታው የያዘኝ ከሥራዬ ነው፤ መርፌ ወግቶኝ ችላ ብዬ ነው። በንጹሕ ሰው ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። እናንተ ፊት ነው ያዋረድኩት፤ ስለዚህ እናንተ ፊት ይቅርታ ልጠይቀው መጣሁ።"

ዞራ ቦሊንን ፊት ለፊት አየችውና ከወገቧ አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀችው። ቦሊን ጆሮው ድረስ ቀላ። አለቃው፣ ጥርሱ ወርቅ የሆነ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ሰምተሃል፣ ኩዋንግ?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ ሴትየዋን አስቀምጣት፤ እርጉዝ ናት።" ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ "ውኃውን ለብቻው ያኖረው ማን ነበር?" ሲል አንዱ ወጣት አንገቱን ደፋ። "ተነስና ሥጋውን አቅርብላት።"

ልጇን ነሐሴ ላይ ወለደች፤ ሴት ናት። ሌላ ድንጋጤ ደግሞ እዚያ ጠበቃት፤ የሕፃኗ ደም ሲታይ ምልክቱ ተገኘ። ዶክተር ሹ፣ ይህ ከእናት ወደ ልጅ የተሻገረ የመከላከያ ርዝራዥ እንጂ በሽታው ላይሆን እንደሚችል፣ መጠኑም ከእናትየዋ አንድ አራተኛ ብቻ እንደሆነ፣ በየወሩ እየቀነሰ ከሄደ ነፃ መሆኗን እንደሚያሳይ አስረዷት። ዌንቺዩ ይህንንም ታውቀው ነበር። ማወቋ አልጠቀማትም። ስድስት ወር ሙሉ የሕፃኗን መዳፍና ውስጥ እግር በየቀኑ በብርሃን እያየች፣ ሽፍታ ትፈልግ ነበር። መጠኑ ቀነሰ፤ ቀነሰ፤ በስድስተኛው ወር ጠፋ።

ጽሑፉ በስሟ ወጣ። ከማታውቃቸው አገሮች ደብዳቤ መጣላት፤ ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ያልተመዘገበ የመርፌ አደጋ ነገሯት። ላቦራቶሪው ሲከፈት ተመለሰች። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ጣቷን ታሳያለች፤ ትንሽ ነጭ ጠባሳ ቀርታባታለች።

ቦሊን ዛሬም ድልድይ ላይ ነው። ልጁን ይወዳል፣ ሚስቱንም ይወዳል። ሚስቱ ስትደውል ግን፣ የትም ይሁን የት፣ መጀመሪያ ከሰው ራቅ ብሎ ሄዶ ነው የሚያነሳው። ዌንቺዩ በስልኩ ውስጥ የእርምጃውን ድምፅ ትሰማለች፤ እስኪቆም ድረስ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች።